በኮምፒዩተር መስኮት ላይ መሥመርና የቅርጽ ዙሪያ ስለ መሣል

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ፥ ሲሬ



በጂኦሜትሪ ትምህርታችን ነጥብ ርዝመትም ስፋትም የላትም፥ መሥመርም ርዝመት እንጂ ውፍረት የለውም ተብለን ተምረናል። ይህ በሐሳብ እውነት ነው። ነገር ግን በዐይን የሚታይ መሥመር ሁሉ ውፍረት አለው። በእርሳስ የተሠመረው ውፍረት አለው፤ በሁለት እርሻዎች መካከል ያለው ድንበር ውፍረት አለው፤ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ የሚታየውም እንደዚሁ ነው። ይህች ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ ዳሩ ግን ካርታ ወይም የመሬት ንድፍ ለሚሥል ሰው ትልቅ ነገር ታስከትላለች። ስለዚህ መሥመር በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚሣል፥ ጥንቃቄውም ምን እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

መሥመርን በነጥብ መጀመር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የጥንት ጸሐፍት ብራናውን ከፋቁና ካለሰለሱ በኋላ ቀለም ሳይነኩ በፊት ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጉ ነበር። ከዚያም ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ቀዳዳ ቀለም የሌለው መሥመር ያሠምሩና ጽሕፈቱን በዚያ ላይ ያሰፍራሉ። አስቀድሞ ነጥብ፥ ቀጥሎ መሥመር፥ በመጨረሻም ጽሕፈት ማለት ነው። ገበሬም አጥር ሲያጥር በመጀመሪያ በየማዕዘኑ ካስማ ይተክላል፤ ኋላ ገመዱን ይወጥራል። ኮምፒዩተርም የሚሠራው በዚሁ ሥርዐት ነው።

1ኛ. ስለ መሣሪያው

ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው መስኮትን፥ ቁልፍንና የመሣያ ቦታን ሁሉ ከባዶ ተነሥቶ አይሠራም። አናጢ መጋዙንና መላጊያውን ተዘጋጅቶ እንደሚያገኘው፥ እርሱም የተዘጋጀ የመሥሪያ ዕቃ ስብስብ ያገኛል። ከእነዚህ ስብስቦች አንዱ ቲኬ የሚባለው ነው። ይህንን የሠራው ጆን ኦስተርሃውት የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ ሲሆን፥ ለሕዝብ የወጣው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ጊዶ ቫን ሮሰም የሚባል የሆላንድ ሰው ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሕዝብ አወጣ። ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ ቲኪንተር ይባላል፤ ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ብዙውን ጊዜ ለብቻው መግዛትም ሆነ መፈለግ አያስፈልግም። እኔም ምሳሌዎቼን የማቀርበው በዚህ ነው።

በቲኪንተር ውስጥ የመሣያው ቦታ ካንቫስ ይባላል፤ ትርጉሙም ሠዓሊ የሚሥልበት ሸራ ማለት ነው። ትእዛዞቹ የእንግሊዝኛ ቃላት ስለ ሆኑ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እኔ ግን ለአንባቢ እንዲመች አነባበባቸውን በፊደላችን እጽፋለሁ። ትእዛዙ ሁለት ቃል ሲሆን በመካከሉ የግርጌ ሰረዝ እንደሚገባ አንባቢ ያስታውስ። ለነጥቦችና ለቅርጾች የምንሰጣቸውን ስሞች ግን፥ ከፓይተን 3 ወዲህ፥ በራሳችን ፊደል መጻፍ እንችላለን። «ነቀምት» ብለን ለአንድ ነጥብ ስም ብናወጣ ኮምፒዩተሩ ይቀበለናል።

2ኛ. ነጥብን በቁጥር ስለ ማመልከት

የኮምፒዩተር መስኮት ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነቁጦች የተሞላ ነው። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ገልጠን ብንመለከት ነገሩ ይገባናል። እያንዳንዱ ካሬ አንድ ፒክስል ነው እንበል። አንድን ካሬ ለማመልከት ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል፤ አንደኛው ወደ ቀኝ ስንት እንደ ሄድን የሚናገረው ኤክስ፥ ሁለተኛው ዋይ ነው።

እዚህ ላይ ከሒሳብ ትምህርታችን የሚለይ ነገር አለ። በሒሳብ ደብተራችን ዋይ ሲጨምር ወደ ላይ እንወጣለን። በካንቫስ ላይ ግን መነሻው፥ ማለት ዜሮና ዜሮ የሆነው ነጥብ፥ በላይኛው የግራ ማዕዘን ነው፤ ዋይ ሲጨምርም ወደ ታች እንወርዳለን። ይህም ገጽን ከላይ ወደ ታች እንደምናነብ ያለ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ካርታ ቢሥል ሰሜኑ ደቡብ ይሆንበታል።

አሁን እውነተኛ ምሳሌ እናምጣ። ከነቀምት ተነሥቶ በእኛ ከተማ በሲሬ፥ በባኮ፥ በጌዶና በአምቦ አልፎ አዲስ አበባ የሚደርሰውን መንገድ እንሣል። የከተሞቹ ስፍራ በኬክሮስና በኬንትሮስ ይታወቃል። በተጠጋጋ ቁጥር፥ ነቀምት በሰሜን ኬክሮስ 9.08፥ በምሥራቅ ኬንትሮስ 36.55 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባ ደግሞ በ9.03 እና በ38.75 ላይ ናት። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 200 ፒክስል እንስጥ። ኤክስን ለማግኘት ከኬንትሮሱ 36.40 ቀንሰን በ200 እናባዛለን። ዋይን ለማግኘት ግን ኬክሮሱን ከ9.60 ላይ ቀንሰን በ200 እናባዛለን። በሁለተኛው ስሌት የመቀነሱን ተራ የገለበጥነው ሰሜን ወደ ላይ እንዲሆን ነው። ውጤቱ እንደሚከተለው ነው፤

ነቀምት፤ ኤክስ 30፥ ዋይ 104
ባኮ፤ ኤክስ 130፥ ዋይ 94
ጌዶ፤ ኤክስ 210፥ ዋይ 116
አምቦ፤ ኤክስ 290፥ ዋይ 124
አዲስ አበባ፤ ኤክስ 470፥ ዋይ 114

3ኛ. መሥመርን ስለ ማሥመር

መሥመር የሚሠመርበት ትእዛዝ «ክሪኤት ላይን» ይባላል፤ «መሥመር ፍጠር» ማለት ነው። በቅንፍ ውስጥ 30፥ 104፥ 470፥ 114 ብንሰጠው ከነቀምት እስከ አዲስ አበባ አንድ ቀጥ ያለ መሥመር ያሠምራል። ሌላ ካልታዘዘ መሥመሩ ጥቁር፥ ውፍረቱም 1 ፒክስል ይሆናል። ሁለት ነጥብ ብቻ ሳይሆን አምስቱንም በተራ ብንሰጠው ሁሉንም በአንድነት አያይዞ የተሰባበረ መሥመር ይሠራልናል።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንማራለን። በሥዕላችን ላይ አንድ ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ቀጥ ያለው መሥመር 242 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ የሚሄድበት መንገድ ግን 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ የመጣው መንገዱ ተራራ ሲዞር፥ ወደ ወንዝ ሲወርድና ሲወጣ ስለሚጠማዘዝ ነው። ነጥቦቹን አምስት ስናደርግ ሥዕሉ ወደ እውነቱ ጥቂት ይጠጋል፤ አምሳ ብናደርግ የበለጠ ይጠጋል። ኮምፒዩተር የሚያውቀው የነገርነውን ነጥብ ብቻ ነው፤ ያልነገርነውን ጠመዝማዛ ከራሱ አይጨምርም።

ከነጥቦቹ ቀጥሎ ለመሥመሩ ጠባይ መስጠት ይቻላል። «ዊድዝ» ውፍረቱን ይወስናል። «ፊል» ቀለሙን ይሰጣል። «ዳሽ» መሥመሩን እየቆራረጠ ሰረዝ ሰረዝ ያደርገዋል። «አሮው» በጫፉ ላይ ቀስት ይሠራል። «ካፕስታይል» የመሥመሩ ጫፍ እንዴት እንዲያልቅ ይወስናል፤ ልክ በነጥቡ ላይ ተቆርጦ ሊያልቅ፥ ከነጥቡ ጥቂት አልፎ በካሬ ሊያልቅ፥ ወይም ክብ ሆኖ ሊያልቅ ይችላል። «ጆይንስታይል» ደግሞ ሁለት መሥመሮች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ይሠራል። አናጢ ሁለት ጣውላ ሲያጋጥም ማዕዘኑን ሹል እንደሚያደርገው፥ ወይም ጫፉን ቆርጦ እንደሚያሳጥረው፥ ወይም ደግሞ እንደሚያከበው ያለ ነው። ቀጭን መሥመር ላይ ይህ ልዩነት አይታይም፤ ውፍረቱ 10 ፒክስል ሲሆን ግን በግልጽ ይታያል።

4ኛ. ኮምፒዩተር መሥመሩን የሚያሠምረው እንዴት ነው?

የነቀምትና የአዲስ አበባ ቀጥታ መሥመር በኤክስ 440 ፒክስል ሲሄድ በዋይ የሚወርደው 10 ፒክስል ብቻ ነው። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ኬክሮስ አጠገብ ስለ ተቀመጡ ነው። ነገር ግን ፒክስል ሊከፈል ስለማይችል መሥመሩ በጥቂት በጥቂቱ ሊያዘቀዝቅ አይችልም፤ 44 ፒክስል ያህል በእኩል ከሄደ በኋላ አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ እንደ ገና 44 ያህል ይሄድና ይወርዳል። ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው ደረጃውን ያየዋል።

ታዲያ የትኛው ፒክስል እንደሚቀባ የሚወሰነው እንዴት ነው? ለዚህ ጥያቄ ብልህ መልስ ያገኘው ጃክ ብሬዝንሃም የተባለ የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ባለሙያ ነው። ዘዴውን ያወጣው በ1962 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ በመጽሔት የታተመው በ1965 ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተሮች ማካፈልና የአሥርዮሽ ቁጥር ጊዜ ይፈጅባቸው ስለ ነበር፥ እርሱ በሙሉ ቁጥር መደመርና መቀነስ ብቻ የሚሠራ ዘዴ አገኘ።

ዘዴውን በዱቤ መዝገብ መስለን እንየው። ከዜሮና ዜሮ ተነሥተን 8 ወደ ቀኝ፥ 3 ወደ ታች እንሂድ። በእያንዳንዱ የቀኝ እርምጃ 3 ብር ዕዳ እንመዘግባለን። ዕዳው ከ4 (ማለት ከ8 እኩሌታ) ካለፈ አንድ ደረጃ ወርደን 8 ብር እንከፍላለን። ካላለፈ ግን ሳንወርድ እንቀጥላለን። እንግዲህ እንቍጠር፤

በ1ኛው እርምጃ ዕዳው 3፤ አንወርድም።
በ2ኛው 6፤ እንወርዳለን፥ 8 ስንከፍል ሒሳቡ ከዜሮ በታች 2 ይሆናል።
በ3ኛው 1፤ አንወርድም።
በ4ኛው 4፤ ከ4 ስላላለፈ አንወርድም።
በ5ኛው 7፤ እንወርዳለን፥ ከዜሮ በታች 1 ይቀራል።
በ6ኛው 2፤ አንወርድም።
በ7ኛው 5፤ እንወርዳለን፥ ከዜሮ በታች 3 ይቀራል።
በ8ኛው 0፤ ዕዳችንን ጨርሰን ከፍለን ደረስን።

ሦስት ጊዜ ወርደን ትክክል በ8 እና በ3 ላይ ቆምን። ማካፈል አልነበረበትም፤ አሥርዮሽም አልነበረበትም። ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ ይህን ሁሉ ባለ ካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ካሬ እያጠቈረ ሊሠራው ይችላል። እኔ እንደማስበው፥ መብራት በሚጠፋበት ቀን ዘዴውን በደብተር የሠራ ተማሪ፥ መብራት ሲመጣ ቁልፍ ብቻ ከሚጫነው የበለጠ ያውቀዋል።

5ኛ. ስለ ቅርጽ ዙሪያ

መሥመር ዞሮ በተነሣበት ሲገጥም ቅርጽ ይሆናል። በካንቫስ ላይ ዋናዎቹ የቅርጽ ትእዛዞች ሦስት ናቸው።

አንደኛው «ክሪኤት ሬክታንግል» ነው፤ አራት ማዕዘን ይሥላል። አራቱንም ማዕዘን መናገር አያስፈልግም፤ በሰያፍ የሚተያዩ ሁለት ማዕዘኖች ይበቁታል።

ሁለተኛው «ክሪኤት ኦቫል» ነው፤ ክብ ወይም ሞላላ ይሥላል። ይህ ብዙ ተማሪዎችን ያስገርማል፤ ምክንያቱም መካከሉንና ሬዲየሱን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ክቡ የሚገባበትን ሣጥን ሁለት ማዕዘኖች ነው። መካከሉ 100 እና 100፥ ሬዲየሱ 40 የሆነ ክብ ብንፈልግ፥ 60፥ 60፥ 140፥ 140 ብለን እንሰጠዋለን።

ሦስተኛው «ክሪኤት ፖሊጎን» ነው፤ ባለ ብዙ ጎን ቅርጽ ይሥላል። ማዕዘኖቹን በተራ ከሰጠነው መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ራሱ ይገጥመዋል።

በቅርጽ ላይ «አውትላይን» ማለት የዙሪያው መሥመር ቀለም ነው፤ «ፊል» ማለት ግን የውስጡ ቀለም ነው። በተራ መሥመር ላይ «ፊል» የመሥመሩ የራሱ ቀለም እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል፤ አንዱ ቃል በሁለት ቦታ ሁለት ሥራ አለው ማለት ነው። ደግሞም አራት ማዕዘንና ክብ ሌላ ካልታዘዙ ዙሪያቸው ጥቁር፥ ውስጣቸው ባዶ ነው። ፖሊጎን ግን በተቃራኒው ውስጡ ጥቁር፥ ዙሪያው ባዶ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የፖሊጎን ዙሪያ ብቻ እንዲታይ ከተፈለገ ለ«ፊል» ባዶ ጥቅስ፥ ለ«አውትላይን» ደግሞ የቀለም ስም መስጠት ይገባል።

በካንቫስ ላይ የተሣለ ነገር ሁሉ መለያ ቁጥር አለው። በዚያ ቁጥር እየጠራን ቀለሙን መለወጥ፥ ማንቀሳቀስ ወይም መሰረዝ እንችላለን፤ ካንቫሱ የተሣለውን ያስታውሳልና። ሁሉም መሣሪያ ግን እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ በጃቫ ስዊንግ ሥዕሉ ከተቀባ በኋላ አይታወስም፤ መስኮቱ እንደ ገና መቀባት ባስፈለገው ቍጥር ፕሮግራሙ ሁሉን ከመጀመሪያ ይሥላል።

6ኛ. ስለ ውፍረትና ስለ ድንበር

አሁን በመግቢያዬ ወዳነሣሁት ነገር ልመለስ። ውፍረቱ 5 ፒክስል የሆነ መሥመር ብናዝዝ፥ ያ ውፍረት የሚያርፈው ከነጥቡ በየትኛው በኩል ነው? መልሱ፥ ነጥቦቹ የሚውሉት በመሥመሩ መካከል ነው፤ የውፍረቱ እኩሌታ በአንድ ወገን፥ እኩሌታውም በሌላው ወገን ያርፋል የሚል ነው።

ባለፈው ክረምት የአባቴን የበቆሎ ማሳ በገመድ ለክቼ በኮምፒዩተር ሥዬ ነበር። ቁጥሮቹን ሳጠጋጋቸው፥ በሰሜን በኩል 60 ሜትር፥ በደቡብ በኩል 50 ሜትር፥ በምዕራብ በኩል ደግሞ 40 ሜትር ነው፤ የምዕራቡ ጎን ለሁለቱ ቀጥ ያለ ነው። ለአንድ ሜትር 5 ፒክስል ሰጥቼ፥ ከዳር 20 ፒክስል ትቼ ማዕዘኖቹን 20፥ 20፤ 320፥ 20፤ 270፥ 220፤ 20፥ 220 አደረግሁ። ዙሪያው ለሁሉ ሰው ጎልቶ እንዲታይ ውፍረቱን 5 ፒክስል አድርጌ ቀይ ቀባሁት። በሰሜን በኩል የሚዋሰኑን ሽማግሌ ቤታችን መጥተው ሥዕሉን አዩ። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና በአፋን ኦሮሞ፥ «ልጄ፥ ይህ ቀይ መሥመር የቆመው በማን መሬት ላይ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄው የሽማግሌ ብቻ ሳይሆን የሊቅ ጥያቄ ነበር። ሒሳቡን ተመልከቱ። 5 ፒክስል ማለት አንድ ሜትር ነው። እኩሌታው፥ ማለት ግማሽ ሜትሩ፥ በእርሳቸው መሬት ላይ ነው። ርዝመቱ 60 ሜትር ስለ ሆነ 60 ጊዜ ግማሽ 30 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚያ ላይ ስንት የበቆሎ መደዳ እንደሚቆም ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ይኸው ባለ 5 ፒክስል መሥመር በመንገዱ ካርታችን ላይ ቢሆን፥ አንድ ፒክስል እዚያ 550 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ መንገዱ ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ስፋት ያለው ይመስላል። በመንገዱ ካርታ ላይ ግን ማንም አይቆጣም፤ መሥመሩ ምልክት መሆኑን ሁሉ ያውቃልና። በድንበር ላይ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው።

ለሽማግሌው መልሼ፥ «አባቴ፥ እውነተኛው ድንበር የመሥመሩ መካከል ነው፤ ውፍረቱ ለዐይን ብቻ ነው» አልኋቸው። ውፍረቱንም ወደ 1 ፒክስል ዝቅ አደረግሁት፤ ያም በመሬት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያም አባቴና እርሳቸው ተስማምተው ባሳዩኝ የድንበር ድንጋዮች ላይ ትንንሽ ክቦች ሣልሁ። እርሳቸውም፥ «አሁን ድንጋዩን አየሁት» ብለው ከአባቴ ጋር ቡና ጠጥተው ሄዱ።

የዚህ ዐይነት ሥዕል ለትምህርት እንጂ ለሕግ ማስረጃ እንደማይሆን መታወቅ አለበት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 የገበሬው ይዞታ እንዲለካና የይዞታ ማረጋገጫ እንዲሰጠው ደንግጎ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ከማረጋገጫው ጋር የማሳው ካርታ አብሮ ይሰጣል። ያ ካርታም ቢሆን በመሠረቱ ፖሊጎን ነው፤ ማዕዘኖቹም ቁጥሮች ናቸው። ካርታውን ማንበብ የሚችል ልጅ በቤቱ ካለ ለወላጆቹ ትልቅ እርዳታ ነው።

ማዕዘኖቹ ከታወቁ ስፋቱንም በሒሳብ ማግኘት ይቻላል። የአባቴን ማሳ በሜትር ስንጽፈው ማዕዘኖቹ (0፥ 0)፤ (60፥ 0)፤ (50፥ 40)፤ (0፥ 40) ናቸው። የእያንዳንዱን ማዕዘን ኤክስ በሚቀጥለው ማዕዘን ዋይ እናባዛ፤ ከዚያም የሚቀጥለውን ኤክስ በዚህኛው ዋይ አባዝተን እንቀንስ። በተራ 0፤ 2400፤ 2000፤ 0 እናገኛለን። ድምሩ 4400 ነው፤ እኩሌታው 2200 ካሬ ሜትር። ይህም ከአንድ ሄክታር መቶ እጅ 22ቱ ነው። ዘዴው ማሳው አምስትም ሆነ ሃያ ማዕዘን ቢኖረው፥ ጎኖቹ እርስ በርሳቸው እስካልተቋረጡ ድረስ ይሠራል። በዚህ ስሌት ውስጥ የመሥመሩ ውፍረት እንደማይገባ ልብ በሉ፤ ስፋቱ የሚገኘው ከነጥቦቹ ነው።

7ኛ. መልመጃ

ሀ) የሲሬን ኬክሮስና ኬንትሮስ ከካርታ ወይም ከስልክ ፈልጋችሁ፥ በ2ኛው ክፍል በተሰጠው ስሌት ኤክስና ዋይ አውጡ፤ በነቀምትና በባኮ መካከልም አስገቡት።

ለ) በዱቤ መዝገብ ዘዴ 10 ወደ ቀኝ፥ 4 ወደ ታች የሚሄደውን መሥመር በካሬ ደብተር ላይ ሥሩ። በእያንዳንዱ እርምጃ የምትመዘግቡት 4፥ የምትከፍሉት 10 ነው።

ሐ) የትምህርት ቤታችንን ግቢ ለክታችሁ እንደ ፖሊጎን ሣሉ፤ ስፋቱንም አስሉ።

ጓደኞቼ ሆይ! በ2016 ዓ.ም. በአገራችን አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ፕሮግራም ለማስተማር የታቀደ ሥራ ተጀምሯል። ከእነዚያ መካከል የወለጋ ልጆች እንዲገኙበት ምኞቴ ነው። ሆኖም ትእዛዝ ማወቅ ብቻውን አይበቃም። መሥመር ስናሠምር በስተቀኙም በስተግራውም ሰው እንዳለ ማሰብ ይገባናል። ድንበርን ማክበር ለማረሻ ብቻ ሳይሆን፥ በዛሬው ዘመን ለፒክስልም ይሠራል። መምህራኖቻችን ነጥቡን እንዳሳዩን፥ እኛም መሥመሩን በትክክል እናሥምር።